የገጠር ወጣቶች ቡድን የዓመት ፕሮግራም እንዴት ይወጣል? በጅማ ዙሪያ ላላችሁ

በጅማ ዙሪያ ብዙ የወጣቶች ቡድን በመስከረም በጭብጨባ ተመሥርቶ በጥቅምት ይበተናል። ሰው በወጣቱ ስንፍና ያሳብባል። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፕሮግራም ነው። "ዘወትር ቅዳሜ ሥልጠና" ይላል። ጥቅምት ላይ ደግሞ ቡናው ቀልቷል። ማና ወይም ጎማ ወረዳ ያለ ልጅ ቀይ ፍሬ ዛፍ ላይ ትቶ ስለ ንግድ ክህሎት ሊማር አይመጣም። ልሂድ ቢልም አባቱ አይለቀውም። እውነቱን ነው።

ይህን የምጽፈው በቀበሌ ደረጃ ሃያ ሠላሳ ወጣት ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። የቡድን ሰብሳቢ፣ መምህር ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የመጪው ዓመት ሥራና ዕድል እንዴት አንድ ወረቀት ላይ እንደሚወጣ እንይ።

1. የማይነካውን ቀድማችሁ ጻፉ

ትልቅ ወረቀት አምጡና አሥራ ሦስቱን ወራት አስምሩ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ታይፕ ተደርጎ የመጣ እቅድ ያምራል፣ ግን ማንም አይከራከረውም። ወረቀቱ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሁሉም እስክሪብቶ ያነሳል፣ ይሰርዛል፣ ይጨቃጨቃል። የሚፈለገውም ይሄ ነው።

መጀመሪያ እናንተ ልታዛውሯቸው የማትችሏቸው ነገሮች ይግቡ። ቡና ለቀማ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቆላው ይቀድማል፣ ከፍ ያለው ቦታ ይዘገያል። የትምህርት ቤት መክፈቻና የፈተና ሳምንታት ይግቡ። የገበያ ቀን፣ የጁምዓ ሰላት፣ የእሁድ ቅዳሴ ይግቡ። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚቀድም ያምናውን ወረቀት አትገልብጡ። በመጨረሻ ነጭ ሆኖ የቀረው ቦታ የእናንተ ፕሮግራም ነው። ካሰባችሁት ያነሰ መሆኑን ስታዩ አትደንግጡ።

2. አባላቱን በዕድሜ ለዩ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ዝለሉት ማለቴ አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በ2009 ዓ.ም የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ደግሞ የታሰበው ከ18 እስከ 34 ላሉት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ተማሪ በቡድኑ ውስጥ መሆን ትችላለች፣ የብድር ውል ላይ ግን አትፈርምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕድል አጠገብ "ለማን" የሚል ይጻፍ። አለበለዚያ ልጆቹ በተስፋ ይሰለፉና መስኮቱ ጋ ይመለሳሉ።

3. ዋናውን ሥራ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ቡድናችሁ የቡና ችግኝ አፍልቶ ሊሸጥ አሰበ እንበል። በእኛ አካባቢ የተለመደና የሚያዋጣ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ለቀማው ካለፈ በኋላ፣ ጥር ላይ ሥልጠና ይሰጣል። የካቲት ላይ ችግኝ የሚፈላበት የፕላስቲክ ቱቦ ይገዛል፣ ዘር ይፈለጋል። ዘሩ ከየት ይምጣ? ከጎተራ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ይወጣል። በፀሐይ የደረቀ፣ ወራት የቆየ። ሌላው ሁሉ በትክክል ተሠርቶ መደቡ ግማሹ ባዶ የቀረበትን ቡድን አውቃለሁ። የበቀለውም በሰኔ ገና ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል ነበረው። ገዢ መጣ፣ አየ፣ አለፈ።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ችግኝ የሚተከለው ዋናው ዝናብ ሲገባ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ። ለተከላ እስኪደርስ ከተዘራ ሰባት ስምንት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ዘሩ መሬት መግባት ያለበት ኅዳር ውስጥ፣ ቢዘገይ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ዘሩ ደግሞ ከጤነኛ እናት ቡና፣ ደህና አድርጎ ከቀላ ፍሬ በእጅ ይለቀማል፤ ጥቅምትና ኅዳር። ወዲያው ይፈለፈላል፣ ጥላ ሥር በወንፊት አልጋ ላይ ስስ ተደርጎ ይዘረጋል። ፀሐይ ላይ አይወጣም። የቡና ዘር እንደ በቆሎ አይደለም፤ በቆየ ቁጥር የመብቀል ኃይሉ ይደክማል።

ከዚያ በፊትስ? ቱቦው የሚሞላው አፈር ከብስባሽ ጋር ይደባለቃል። ብስባሽ ለመብላላት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ያ ማለት ጉድጓዱ የሚሞላው ነሐሴ ላይ ነው። እንግዲህ በሰኔ የሚገባው ገንዘብ ሥራው የተጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው ማለት ነው። ሥልጠናውም ጥር ላይ ሳይሆን ነሐሴና ጳጉሜን ላይ መውደቅ አለበት። ልጆቹ ከትምህርት ነፃ ናቸው፣ ቡናውም ገና አረንጓዴ ነው። የዓመቱ ምርጥ የሥልጠና ጊዜ ይሄ ሆኖ ሳለ "ዝናብ ነው" ተብሎ ይባክናል።

የዘር ልቀማው ለቀማ ላይ መውደቁ ችግር አይደለም። ልጆቹ ያኔ የሚውሉት ቡና ውስጥ ነው። ስብሰባ አትጥሩ። እያንዳንዱ ከራሱ ማሳ አንድ ቅርጫት ምርጥ ቀይ ፍሬ ይዞ እንዲመጣ ብቻ ቀን ቁረጡ።

ሲዘራ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ታች፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት፣ ከላይ ጉዝጓዝ። ብቅ ሲል ጉዝጓዙ ይነሳል፣ ከላይ ዳስ ይሠራል። ይህን ዲኤው (የልማት ጣቢያ ሠራተኛው) ያሳያችኋል።

የሚከብደው ውኃው ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በጋ ነው። ችግኝ የሚሞተው በበሽታ ከመሆኑ በፊት በጥም ነው። ስለዚህ የችግኝ ጣቢያው ምንጭ ወይም ወንዝ አጠገብ ይሁን፤ ለመንገድ ቅርብ ብሎ ከውኃ የራቀ ቦታ መምረጥ አያዋጣም። የውኃ ተራውንም ፕሮግራሙ ላይ በስም አስገቡ። ሠላሳ አባል ካለና በቀን ሁለት ሰው ከተመደበ፣ ለአንድ ሰው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይደርሰዋል። ይህ ማንንም አይከብድም። "ሁላችንም እናጠጣለን" ከተባለ ግን ማንም አያጠጣም።

ስንት ችግኝ? ሁለት በሁለት ሜትር ለሚተክል ገበሬ አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይፈጃል። መስከረም ላይ ጎረቤት ገበሬዎችን ጠይቃችሁ ደምሩ፣ ለሚሞተው መጠባበቂያ ጨምሩ። ዝርያውንም በየመደቡ ጻፉ። የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ዓ.ም ገደማ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አውጥቷል። 74110 እና 74112 ከእነዚያ ናቸው። 74ቱ የተመረጡበትን የፈረንጆች 1974 ያመለክታል። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። ምልክት የሌለው መደብ ዋጋው ይወርዳል።

ያለ ቱቦ መደብ ላይ ብቻ ማሳደግም ይቻላል፣ ርካሽ ነው። ሥሩ ግን በጉዞ ይጎዳል። ለራሳችሁ ማሳ ከሆነ እሺ፣ ለሽያጭ ግን አልመክርም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዳሱን ቀስ በቀስ እያሳሱ ፀሐይ ማለማመድ ነው። ገዢዎቻችሁንም ጉድጓድ አስቀድመው እንዲቆፍሩ ወትውቱ። አቅም ከሌላቸው ቡድኑ በዳዶ (በጋራ የሥራ ዘመቻ) ወጥቶ በክፍያ ሊቆፍርላቸው ይችላል። ሌላ ገቢ ነው።

ሥራችሁ ማር ከሆነ፣ የተከተበ (ቅርንጫፍ የተቀጠለበት) አቮካዶ ከሆነ፣ የበጋ መስኖ አትክልት ከሆነም ስሌቱ ያው ነው። ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን ጻፉና ወደ ኋላ ውረዱ።

4. የውጭ ዕድሎችን በየቦታቸው አስገቡ

ጅማ ለዚህ የታደለች ናት። የአገሪቱን የቡና ምርምር የሚያስተባብረው ማዕከል መልኮ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ስለሚከተል ተማሪዎቹ ወደ ኅብረተሰቡ ይወጣሉ። እናንተ ዘንድ ሲመጡ መጠይቅ ሞልታችሁ ብቻ አትሸኟቸው። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እንዲያሳዩ፣ የአፈር አሲዳማነት እንዲያስረዱ ጠይቋቸው። የመስክ ቀን ሲኖር ሁለት ሦስት ወኪል ይላክ፤ ሲመለሱ ያዩትን የሚናገሩበት ቀንም እዚያው ፕሮግራሙ ላይ ይያዝ። ካልተያዘ የሚተርፈው የአበል ወሬ ብቻ ነው።

የመንግሥት ቢሮዎችን አካሄድ ማወቅም ይጠቅማል። በጀት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። በዓመቱ መጨረሻ ያልተሠራ ሥልጠና ሁሉ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይታጨቃል። እናንተ ደግሞ ያኔ ተከላ ላይ ናችሁ። ጥያቄያችሁን ቢሮው የቀጣዩን ዓመት እቅድ ሲያዘጋጅ አስገቡ፣ "ነሐሴ ላይ ይሰጠን" ብላችሁ ወሩን ጻፉ። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ይሁን። የቢሮው የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ቶሎ ይመራል። ቅጂው ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር አስጽፉ።

ክረምት ላይ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና የአረንጓዴ አሻራ ተከላ አለ። አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄድ ስለሆነ ድንገተኛ አድርጋችሁ አትዩት። ከራሳችሁ የችግኝ ሽያጭ ቀን ጋር እንዳይጋጭ ብቻ አስተካክሉ።

5. ቀኑን ተርጉሙ

ከድርጅቶች የሚመጣ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንደወረደ መለጠፍ ብዙ ልጅ ያስቀራል። "ኦክቶበር 5" የሚለውን ጥቅምት 5 ብሎ የሚያነብ ብዙ ነው። በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 5 መስከረም 25 ነው። ጥቅምት 5 ላይ ማመልከቻ ይዞ የሄደ ልጅ አሥር ቀን አልፎበታል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። "9፡00" የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የኢንተርኔት ፎርም "17፡00 ላይ ይዘጋል" ካለ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ማለት ነው። እኔ እያንዳንዱን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ፣ የፈረንጁን ከሥሩ በትንሹ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ከመዝጊያው ቀን ሦስት ቀን ቀንሳችሁ እሱን "የመጨረሻ ቀን" በሉት። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ የቀበሌ መታወቂያ የሚያድስ ሰው ስብሰባ ላይ ይሆናል።

6. ወሬው የት ይነገር?

የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶ "ሁሉም አይቷል" የሚባለው ነገር ያናድደኛል። ያዩት ስማርት ስልክ ያላቸው ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ወንዶች ናቸው። ቴሌግራሙ ይኑር፣ ግን ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጅ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ትምህርት ቤት በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ይነገር። ወፍጮ ቤቱን አትናቁት። ሴቶቹ ወረፋ የሚጠብቁት እዚያ ነው፣ ጊዜ ኖሯቸው ያነባሉ።

ስለ ሴቶቹ ካነሳን፣ የስብሰባውን ሰዓት እነሱ ይምረጡ። ጠዋት ውኃና ቁርስ አለ፣ ማታ መንገዱ ይጨልማል፣ ቤተሰብ አይፈቅድም። "ሴቶች አይመጡም" ከሚለው ሪፖርት በፊት ሰዓቱን ጠይቁ። ከሩቅ መንደር የሚመጡት ሁለት ሦስት ሆነው እንዲመለሱ አጣምሯቸው። እናቶቹን አንድ ቀን ቡና ጠርታችሁ ፕሮግራሙን አስረዷቸው። ቤት ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

7. ገንዘቡ

የቡድኑ ሒሳብ በሦስት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ አንዷ ሴት ትሁን። መዋጮ የሚሰበሰበው ከቡና ሽያጭ በኋላ ነው እንጂ ክረምት ላይ ኪስ ሲራቆት አይደለም። ደረሰኝ ይቀመጥ።

8. ሲለጠፍ

ሙሉው የዓመት ወረቀት ሰብሳቢው ጋ ይቀመጥ። ግድግዳ ላይ የሚወጣው የመጪዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ይሁን፤ የዓመት ዝርዝር ማንም ቆሞ አያነብም። እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይያዝ፦ ምን፣ ለማን፣ መቼ፣ ማንን ላናግር። "ማንን" የሚለው ቦታ ላይ "ጽሕፈት ቤቱን" ብላችሁ አትጻፉ፤ የሰው ስምና ሰውየው የሚገኝበት ቀን ይጻፍ። ወረቀቱን ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ሸፍኑት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ለቀማው ሲያልቅ፣ ትልቁን ወረቀት እንደገና ዘርጉና የቀረውን አስተካክሉ።