‹‹ዲፈረንሻሉ ነው›› ከማለት በፊት፦ በአሮጌ ስፖርት መኪና ድምፅ ፍለጋ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድምፁን ሳይለዩ ብሎን መፍታት

ከኋላ በኩል ዋይታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። በሳምንቱ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ወርዶ ተበትኗል፤ ኩሽኔታው ሁሉ በአዲስ ተቀይሮ ሲገጠም ዋይታው እንዳለ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! የመኪና ወለል ድምፅ ተሸካሚ ነው፤ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሲጮህ ከሹፌሩ ጀርባ የመጣ ሊመስል ይችላል። በዚያ ላይ ጤነኛ ዲፈረንሻል ያለ ምክንያት ሲበተን በሽታ ይተርፈዋል። በውስጡ ያሉት ኮሮና (ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት) እና ፒኞን (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በጥርሶቻቸው መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፒኞኑ ኩሽኔታዎችም በልክ ተጨቁነው መቀመጥ አለባቸው። ዘይት አፈሰሰ ብሎ የፒኞኑን ዳዶ ፈትቶ፣ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ቀይሮ፣ ዳዶውን በግምት ያጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ ያልነበረ ጩኸት ይዞ ይመለሳል። በብዙ ዲፈረንሻሎች የኩሽኔታውን ጭነት የሚወስነው ቀለበት በማጥበቅ የሚጨፈለቅ ነው፤ ከልክ በላይ ከተጨፈለቀ መልሶ አይነሣም፣ መቀየር ብቻ ነው።

መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ ድምፁ የሚከተለው የየትኛውን ዘንግ ፍጥነት ነው? ለስላሳና ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይዛችሁ በሦስተኛ፣ ከዚያ በአራተኛ፣ ከዚያ በአምስተኛ ማርሽ ንዱ። ፍጥነቱ ሳይቀየር የድምፁ ቅጥነት ከሞተሩ ዙር ጋር ከወረደ ነገሩ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘውና የሚለየው) ወይም የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የመግቢያ ወገን ነው። ቅጥነቱ በሦስቱም ማርሽ አንድ ዓይነት ከሆነ ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጀምሮ እስከ ጎማ ያለውን ፈልጉ።

በስልክ የድምፁን ወይም የንቅጥቅጡን ድግግሞሽ መለካት ከቻላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ዙሪያው 1.95 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.1 ከሆነ ትራስሚሲዮኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ) በሰከንድ 58 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ3,000 ዙር ያለ ሞተር 50 ጊዜ። 14 ሄርዝ ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና ጎማ፣ ቸርኬ ወይም ሴሚያስ (ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ይመርመርለት፤ 58 ላይ የሚያጓራ ትራስሚሲዮኑና ፒኞኑ። የክሮቸራ (በትራስሚሲዮኑ ጫፍ ያለው የመስቀል መጋጠሚያ) ችግር ብዙ ጊዜ በእጥፉ፣ 116 አካባቢ ይታያል።

‹‹ፎሌ ሳደርገው ቀረ፤ ስለዚህ ካምቢዮው ነው››

ይህ ፍርድ ትክክል የሚሆነው በአጋጣሚ ነው። እየሄዳችሁ ፎሌ ስታደርጉ (ማርሹን ነፃ ስታወጡ) የሞተሩ ዙር ብቻ ሳይሆን በዲፈረንሻሉ ላይ ያለው ጭነትም አብሮ ይወርዳል። ያለቀ ኮሮናና ፒኞን ደግሞ የሚጮኸው ጭነት ሲሸከም ነው፤ ጭነቱ ሲነሣለት ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ በዚያው ፍጥነት ሦስት ነገር ሞክሩ፦ ነዳጅ በመጠኑ ስጡ፣ ፍጥነቱን ጠብቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ። በሦስቱ መካከል የሚለዋወጥ ቀጭን ዋይታ የጥርስ ድምፅ ነው። ለነዳጁ ደንታ ሳይሰጥ የሚቀጥል ወፍራም ጉርምርምታ ኩሽኔታ ወይም ጎማ ነው።

ቆሞ የሚደረገው ሙከራ ሌላ ነው። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ፎሌ አድርጉ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። አሁን የሚሰማው ጉርምርምታ ፔዳሉ ሲረገጥ ከጠፋ የመግቢያ ዘንጉን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጀምር ጩኸት ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ማርሽ ሲገባ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በቮላኖው (ከሞተሩ ጫፍ ጋር የሚዞረው ከባድ ዲስክ) መሐል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ናት፤ የምትሠራው ዘንጉ ቆሞ ቮላኖው ሲዞር ነውና።

የመኪናውን አሠራር ሳያውቁ ውጤቱን መተርጎም

በፖርሽ 944 ካምቢዮው ከኋላ፣ ፍሪሲዮኑ ግን ከሞተሩ ጋር ከፊት ነው። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚያገናኘው ቱቦ ውስጥ ያለው ረጅም ዘንግ ይቆማል። በአልፋ ሮሜዮ አልፌታ ግን ፍሪሲዮኑም ከካምቢዮው ጋር ከኋላ ስለሆነ፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ትራስሚሲዮኑ በሞተሩ ዙር ይዞራል፤ ፔዳል መርገጥ አያቆመውም። እዚህ መኪና ላይ ቆሞ ሳለ ከሞተር ዙር ጋር የሚያድግ ንቅጥቅጥ ሲሰማ የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ) ከመቀየር በፊት በትራስሚሲዮኑ ላይ ያሉት ሦስት የጎማ ማያያዣዎች ስንጥቅ እንዳለባቸው ይታዩ።

ቀጥታ ማርሽም (የካምቢዮው መግቢያና መውጫ እኩል የሚዞሩበት) እንዲሁ በየመኪናው ይለያያል። የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አራተኛው አንድ ለአንድ ነው፤ ኃይሉ በጎን ያለውን ሁለተኛ ዘንግ ሳይጭን ቀጥ ብሎ ያልፋል። በሌሎቹ እየጮኸ በአራተኛ ጸጥ ካለ የዚያ ዘንግ ኩሽኔታዎች ናቸው። ለአውሮፓ በተሠራው ቢኤምደብሊው ኢ30 ኤም3 ቀጥታው አምስተኛው ነው። በፖርሽ 911 ቀጥታ ማርሽ የሚባል ስለሌለ ይህ ሙከራ ምንም አይነግራችሁም።

ክሪክ ላይ አንሥቶ ማስሮጥ

ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ የሴሚያሶቹ ማዕዘን መንገድ ላይ ከማይደርሱበት ይደርሳል፤ ጤነኛ ሲቪ ጆይንት (የሴሚያሱ ተጣጣፊ መጋጠሚያ) እንኳ ያንኳኳል። ተራ ዲፈረንሻል ባለው መኪና አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሣ ያ ጎማ በእጥፍ ፍጥነት ይዞራል። መንሸራተት የሚከላከል ዲፈረንሻል ካለው ደግሞ መሬት የረገጠው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ገፍቶ ሊጥለው ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ማዳመጥ የግድ ከሆነ መኪናው ክብደቱን በጎማው እንደተሸከመ የጋራዥ መፈተሻ ጉድጓድ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በታኮ ታስሮ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ትራስሚሲዮኑን በእጅ ወዲያና ወዲህ አዙሩ። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ‹‹ኳ!›› የሚለው ልል ነገር እዚያው ይገኛል። የክሮቸራ ቆብ ዙሪያ ቡናማ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ግራሶው አልቋል።

ሌሎቹ አጭር ናቸው። የጎማ ኩሽኔታን በጥምዝ ፈትሹ፦ ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ያኔ የሚበረታ ጉርምርምታ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ ነው። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁ አብሮ ከተቀየረ ጎማው ነው። ትራስሚሲዮን ስታወርዱ መጋጠሚያውን በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ምልክት ያልተደረገበት ሲመለስ ሌላ ንቅጥቅጥ ይወልዳል።

ዘይቱን ያለ እውቀት መቀየር

ድምፅ ለማፈን ወፍራም ዘይት አትጨምሩ። ጂኤል-4 የተባለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ ለሚጠይቅ ካምቢዮ ጂኤል-5 መስጠትም ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 የነሐስ ሲንክሮናይዘሮቹን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክሉትን ቀለበቶች) ይበላል። በፍሪሲዮን ዲስክ የሚሠራ መንሸራተት የሚከላከል ዲፈረንሻል ደግሞ ዘይቱ የሰበቃ ማለስለሻ ከጎደለው በዝግታ ሲታጠፍ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ሰምቶ የተበተነ ጤነኛ ዲፈረንሻል ብዙ ነው። የሚወጣውን ዘይት በንጹሕ ዕቃ ተቀበሉ። የማፍሰሻው ቡሽ ማግኔት ላይ ያለ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር የዕድሜ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ካለ ግን መኪናው አይነዳ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመሙያውን ቡሽ ፈትታችሁ መከፈቱን አረጋግጡ፤ የማፍሰሻው ከዚያ በኋላ።