ደመወዙ ጨምሮ ፔይሮሉ አልሰማ ሲል

በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ባሕር ዳር ጣና ዳር ያለ አንድ ሎጅም የራሱን መነሻ ደመወዝ በዚያው ልክ ጨመረ እንበል። በፔይሮሉ፣ ማለትም ደመወዝ በሚያሰላው ሶፍትዌር ላይ፣ ቁጥሩን መቀየር ቀላል ነው። ጣጣው ቀኑ ላይ ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ግን ባክአፕ (የመረጃውን ቅጂ) ውሰዱ።

ደመወዙ 5,586.67 ሆኖ ወጣ

አሮጌውም አይደለም፣ አዲሱም አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። መስከረም 1 ለእሱ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ስለዚህ 10 ቀኑን በ4,760፣ 20 ቀኑን በ6,000 አስልቶ ደመረው። ስሌቱ ልክ ነው፣ ወሩ ነው የተሳሳተው።

የክፍያ ጊዜውን ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 አድርጉት። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር እንዳያደርጋትም ተመልከቱ። ወሩ ከተዘጋና ከተከፈለ ግን ወደኋላ ተመልሳችሁ አትነካኩ። የጎደለውን 413.33 ብር በሚቀጥለው ወር "የመስከረም ልዩነት" ብላችሁ በራሱ መስመር ክፈሉ። ኦዲተር ሲመጣ ትገላገላላችሁ።

ደመወዙ 6,000 ነው፣ እጅ ላይ የደረሰው ግን 4,645

ይሄ የአሮጌ ግብር ሰንጠረዥ ምልክት ነው። በድሮው 25 በመቶ ተባዝቶ 565 ይቀነሳል፣ ግብሩ 935 ይመጣል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ግን እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 በ15 በመቶ ሲቀነስ 300፣ እስከ 7,000 በ20 ሲቀነስ 500፣ እስከ 10,000 በ25 ሲቀነስ 850፣ እስከ 14,000 በ30 ሲቀነስ 1,350፣ ከዚያ በላይ በ35 ሲቀነስ 2,050። የ6,000 ብር ግብር 700 ነው። 7 በመቶ ጡረታው 420 ሲወጣ የተጣራው 4,880 ይሆናል። ይህን ቁጥር ካያችሁ ሰንጠረዡ ገብቷል ማለት ነው።

አሮጌውን ሰንጠረዥ አጥፍታችሁ በላዩ አትጻፉ። አዲሱን ከነመነሻ ቀኑ ጨምሩ። አለዚያ የግንቦት 2017ን የደመወዝ ወረቀት ደግማችሁ ስታወጡ ግብሩ ይቀየርባችኋል።

ደመወዙ ተስተካክሎ ኦቨርታይሙ አልተነቃነቀም

ብዙ ሶፍትዌር የሰዓት ክፍያን ለብቻው ያስቀምጣል፣ የወሩን ስትቀይሩ አብሮ አይቀየርም። በጥምቀት ቀን እንግዳ ይዞ ዘጌ ሲመላለስ የዋለ የጀልባ ነጂ አስቡ። የወሩን ደመወዝ በ208 ሰዓት ካካፈላችሁ፣ በበዓሉ ቀን ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለሠራው 4 ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ 288.46 ብር ይገባዋል። ፔይሮሉ 228.85 ካሳየ የሰዓቱ ክፍያ አሁንም ከ4,760 ነው። እሱን ቀይሩ። ሰውየው ሒሳቡን በጣቱ ቆጥሮ ያውቀዋል፣ ሳይጠይቃችሁ ቅደሙት።

"ከዝቅተኛ ደመወዝ በታች ነው" ብሎ አልመዘግብም አለ

ከውጭ የመጡ ሶፍትዌሮች ላይ ያጋጥማል። አንድ ሰው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚለው ሳጥን ውስጥ 6,000 ጽፏል፤ እሁድ እሁድ ብቻ የምትመጣዋ የወጥ ቤት ረዳት ስትመዘገብ ሶፍትዌሩ ይጮኻል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ዝም ብሎ ራሱ 6,000 አድርጎ ይሞላላታል።

6,000 የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይላል እንጂ ለግል ድርጅት የብር መጠን አልቆረጠም። ሳጥኑ ውስጥ መግባት ያለበት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረማችሁት የኅብረት ስምምነት መነሻ ነው፣ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ብቻ። ስምምነት ከሌላችሁ ባዶ ተዉት፤ ባዶ አልቀበልም ካለ 0 አስገቡ።