በመሥሪያ ቤት ሕንፃ የእሳት አደጋ መውጫ ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

ዕቅዱን መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ሕንፃውን ከላይኛው ወለል እስከ ምድር ቤት፣ ባሉት ደረጃዎች ሁሉ፣ በእግርዎ ይውረዱት። ከጠቅላላ አገልግሎት አንድ ሰው፣ ከጥበቃ አንድ ሰው እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ይዘው ቢሄዱ ይመረጣል፤ አንዱ የለመደውንና የማያየውን ነገር ሌላው ያስተውለዋልና። በመንገድዎ ያገኙትን ሁሉ ይመዝግቡ፦ ደረጃ ሥር የተከመረ ስባሪ ወንበርና አሮጌ መዝገብ፣ ተደራርቦ የተሰካ ማከፋፈያ፣ ቡና የሚፈላበት ምድጃ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ የተቀመጠበት ቦታ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ከሆነ ለብቻው ትኩረት ይስጡት። ከዚያ የሚነሣ ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው በደረጃው ስለሆነ፣ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት የሚውል የደረጃ በር ካለ ድንጋዩ በዚያው ሰዓት ይነሣ።

አስቸጋሪው ሥራ የሚመጣው የኋላ መውጫው ጋ ሲደርሱ ነው። በሩ፣ እንደተለመደው፣ በሰንሰለት ተቆልፎ ያገኙታል። ጥበቃውን ቢጠይቁት የሚሰጥዎት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ፍተሻው ያለው በፊት በር ብቻ ነው፣ በኋላ በር አንድ ኮምፒውተር ቢወጣ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። በመሆኑም «በሩ ክፍት ይሁን» የሚል ደብዳቤ በኃላፊ አስፈርሞ መለጠፍ ለጥቂት ቀናት ይሠራ ይሆናል እንጂ ሰንሰለቱ መመለሱ አይቀርም። ጥበቃውን ከንብረት ተጠያቂነት የሚያሳርፍ ነገር እስካልተገኘ ድረስ በሩ ይቆለፋል።

ለዚህ ተብሎ የተሠራው ዕቃ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በአግድም የሚገጠምና ሲገፋ የሚከፍት ዘንግ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው አይከፍተውም፤ ከውስጥ የሚወጣ ሰው ደግሞ ቁልፍ አያስፈልገውም። በሩ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል ከተጨመረበት ጥበቃውም ይስማማል፤ ዕቃ ሸሽጎ የሚወጣ ሰው ደወል አስጩኾ አይወጣምና። ግዥው እስኪጸድቅ ብዙ ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ እስከዚያው ብረት ሠራተኛ ጠርቶ ከውስጥ በአንድ እጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ ማስገጠም ይቻላል። መመዘኛው አንድ ነው፦ በሩ በጨለማ፣ ያለ ቁልፍ፣ በአንድ እንቅስቃሴ መከፈት አለበት። የሚከፈተውም ወደ ውጭ ይሁን፤ ሰው ከኋላ እየተገፋፋ ሲመጣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር እንደ ግድግዳ ይሆናል።

ቁልፉን በመስታወት ሳጥን ውስጥ በሩ አጠገብ መስቀል ብዙዎች የሚወዱት አቋራጭ ነው፤ እኔ አልደግፈውም። በአንድ መሥሪያ ቤት በተደረገ ልምምድ ላይ ሳጥኑ በቦታው ነበር፣ ቁልፉም ነበር፤ ሆኖም ጓጉንቸሩ ከተቀየረ በኋላ ቁልፉን የተካው ሰው ስላልነበረ፣ ሠራተኛው ደረጃው ላይ እንደተሰለፈ አዲሱን ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ከምሳ እስኪመለስ ተጠበቀ።

በሩ ከተስተካከለ በኋላ ለእያንዳንዱ ወለል አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ ይመድቡ። ምትኩ ለይስሙላ አይሁን፤ በተለይ ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ባለው ረጅም እረፍት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከግቢ እንዳይወጡ ተራ ያውጡላቸው። ባለጉዳይ ሲደናገጥ የሚሮጠው በገባበት በር በኩል ስለሆነ፣ የኋላውን ደረጃ መኖሩንም ስለማያውቅ፣ የወለል ኃላፊው ዋና ሥራ እሱን መምራት ነው። የሰዓት ፊርማ ይዞ በስም መጥራት ሠራተኛውን ብቻ እንጂ ባለጉዳዩን አያሳይም፤ ስለዚህ ኃላፊው መጸዳጃ ቤቱን፣ የስብሰባ አዳራሹንና የፎቶ ኮፒ ክፍሉን ሳይቀር አይቶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ «ወለሌ ባዶ ነው» ብሎ ሪፖርት ያድርግ። ደረጃ መውረድ ለማይችል ሰው ሁለት ረዳቶች አስቀድመው በስም ይመደቡለት። ሊፍት በእሳት ጊዜ አይነካም።

ማጥፊያዎቹን በተመለከተ፣ የዱቄቱ ዓይነት የግፊት መለኪያ ስላለው ቀስቱ አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታያል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን መለኪያ የለውምና ተመዝኖ ነው የሚታወቀው፤ ለኮምፒውተርና ለኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚሻለውም እሱ ነው፣ ዝቃጭ አይተውምና። የ6 ኪሎ ዱቄት ከግማሽ ደቂቃ በታች ያልቃል። ከቆሻሻ ቅርጫት ያለፈ እሳት ከሆነ ማጥፊያውን ትተው በሩን ዘግተው ይውጡ።

ወደ 939፣ ማለትም ወደ አዲስ አበባ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት፣ የሚደውል ሰውም አስቀድሞ ይታወቅ፤ የሚናገረው አድራሻም ተጽፎ ስልኩ አጠገብ ይለጠፍ። የቀበሌ ቁጥር ከመናገር «ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሀር ሲወርዱ፣ በኋላው በር፣ አራተኛ ወለል» ማለት መኪናውን ቶሎ ያደርሳል።

መሰብሰቢያ ቦታ መምረጥ መሃል ከተማ ላይ ቀላል አይደለም። ግቢው በመኪና የተሞላ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪናውም የሚገባው ሠራተኛው በሚወጣበት በር ነው። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሥር መቆምም አይመከርም፣ በሙቀት የሚሰነጠቀው መስታወት ወደ ታች ይወርዳልና። ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር በደብዳቤ ተስማምቶ ግቢውን መጠቀም፣ ወይም ራቅ ያለ ሰፊ የእግረኛ መንገድ መምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻ ልምምድ ያድርጉ፤ ሰዓቱም ባለጉዳይ የሚበዛበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሁን። ከሠራተኛ በቀር ማንም በሌለበት ቅዳሜ የሚደረግ ልምምድ ለፎቶ እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። ከዋናው ደረጃ በአንዱ ወለል ላይ ሰው አቁመው «በዚህ በኩል ጭስ አለ» እያለ ይመልሳቸው፤ የኋላው በር በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። የታየውን ጉድለት በዚያው ቀን ለጠቅላላ አገልግሎት በጽሑፍ ይስጡ፣ ግልባጩንም ለግዥ ክፍል ያድርጉ።