የጉሎ ሐር ትል ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ወሎ ውስጥ ጉሎ ያልበቀለበት የአጥር ጥግ ማግኘት ይቸግራል። ፍሬው ምጣድ ማሰሻ ይሆናል፤ ቅጠሉን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በዚህ ቅጠል የሐር ትል ማርባት ለጀመራችሁ፣ ሰፌዱ ላይ የምታዩትን ምልክት ይዛችሁ ወደ መንስኤው የምትሄዱበት ይኸው።

መብላት አቁሞ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ከቆመ

አልታመመም፤ ቆዳውን ሊቀይር ነው። ትሉ እስኪያድግ 4 ጊዜ ቆዳ ይቀይራል። አትንኩት፣ አዲስ ቅጠልም አትደርቡበት። ጤነኛውን ትል እንደሞተ ቆጥሮ የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

ብዙዎቹ ባንዴ እየተንፈራገጡ አረንጓዴ ፈሳሽ ካስመለሱ

መርዝ ነው። ቅጠሉ ፀረ-ተባይ ከተረጨ የሽንኩርት ወይም የጫት ማሳ ዳር ተቆርጦ ይሆናል፤ ወይ ቤት ውስጥ ፍሊት ተነፍቷል። ከሚሴና ባቲን በመሰለ ቆላ ደግሞ የወባ መከላከያ ርጭት አለ፤ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁና ትሎቹን አውጡ። ቅጠል ማጠብ አያስተማምንም፤ ከሌላ ቦታ ቁረጡ። የቡና እጣንም ቢሆን እነሱ ባሉበት ክፍል አይጨስ።

ልፍስፍስ ብሎ ተቅማጥ ከያዘውና ከሸተተ

ጥፋቱ ከምግቡና ከመጨናነቁ ነው፦ ጤዛ ያልደረቀለት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታፍኖ የሞቀ ወይም የጠወለገ ቅጠል። የኮምቦልቻ ከሰዓት ሙቀት ያባብሰዋል። ትሎቹን በሁለት ሰፌድ ክፈሉ፣ ፍርፋሪና ኩሱን በየቀኑ ጥረጉ፣ ቅጠሉን ጠዋት ጤዛው ሲለቅ ቁረጡ። ደሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ ዕድገቱን ያጓትታል። ለትሉ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አኑሩ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ለእናንተም አደጋ ነው።

አካሉ አብጦ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ከተንከራተተ

የአካሉ መጋጠሚያዎች ቀለበት ሠርተው ያብጣሉ፤ ቆዳው ስስ ስለሚሆን ገና ሲነኩት ይተረተርና ነጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ ሌሎቹን የሚበክለውም ያ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሳይፈነዳ በስንጥር አንሱትና ከኖራ ጋር ቅበሩት፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ዙሩ ሲያልቅ ሰፌዱን በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ አስመቱት።

ሞቶ ከደረቀና ነጭ ዱቄት ካበቀለ

ፈንገስ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ወቅቱ ነው። ዱቄቱ ዘሩ ስለሆነ ሳይነጣ አውጡት። መኝታው ላይ የላመ ኖራ በስሱ ነስንሱ፣ መስኮት ክፈቱ።

እኩል አላድግ ካሉና ጥቁር ነጥብ ካወጡ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንድ ቀን የተፈለፈሉት ግማሹ አውራ ጣት አክሎ ግማሹ ይኮሰምናል፤ ቆዳቸው ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፔብሪን ይባላል፤ ከእናት በእንቁላል ይወረሳል። ሰፌድ ብታጥቡ፣ ቅጠል ብትመርጡ እንቁላሉ ከታመመ ፋይዳ የለውም። ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር ከ1865 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ የሐር ትል በሽታን ሲያጠና ያጸናው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ እያንዳንዷ ሴት ቢራቢሮ ለብቻዋ እንቁላል ትጣል፤ ከጣለች በኋላ ቢራቢሮዋን በጠብታ ውሃ ደቁሳችሁ 400 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ እዩ። ሞላላ፣ የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ከታዩ እንቁላሎቿን አቃጥሉ። ማይክሮስኮፕ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ የባዮሎጂ መምህሩን አስፈቅዱ። ካልተገኘ፣ ከእንደዚያ ያለ መንጋ ለዘር አታስቀሩ።

ቢራቢሮው ክንፉ ተጨማዶ ከወጣ

መንጋው ቀድሞ ከላይ ያለውን ምልክት ካሳየ ፔብሪንን ጠርጥሩ። አንድ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ክንፋቸውን አንጠልጥለው የሚዘረጉበት ቦታ አጥተው ወይም አየሩ በጣም ደርቆባቸው ነው፤ ሻካራ እንጨት አቁሙላቸው፣ አጠገባቸው እርጥብ ጨርቅ ስቀሉ። ቢራቢሮዎቹ ትተውት የወጡት ኮኩን (ትሉ የሠራው የሐር ቤት) ምንም አይሆንም፤ ይፈተላል።