የታሸገ ምግብ ጀርባ ላይ ያለው ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

ስለ አመጋገብ ለመማር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተውኩት። ትምህርቱን ያገኘሁት ከብስኩት ፓኬት ጀርባ ነው።

መጀመሪያ ፓኬቱን ገልብጡት። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው «ተፈጥሯዊ» ምናምን ማስታወቂያ ነው።

ቀጥሎ ካሎሪውን ከማየታችሁ በፊት ቁጥሩ ለስንት ግራም እንደሆነ ፈልጉ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። «140 ካሎሪ» የሚለውን አይቼ ደስ ብሎኝ በየቀኑ አንድ ፓኬት እጨርስ ነበር። አንድ ቀን መነጽሬን አድርጌ ሳየው ለካ 140ው የ30 ግራም ነው፤ አራት ብስኩት ማለት ነው። ፓኬቱ ደግሞ 150 ግራም። በአምስት ሳባዛው 700 ካሎሪ! መክሰስ ያልኩት ነገር ሙሉ ምሳ ነበር።

ስለዚህ የበላችሁትን ግራም ሰንጠረዡ ላይ ላለው ግራም አካፍሉና ካሎሪውን በዚያ አባዙ። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ግን «በ100 ግራም» የሚለውን ዓምድ ብቻ እዩ። አንዱ በ25፣ ሌላው በ40 ግራም ከጻፈ ትንሹ ጤናማ ሊመስል ይችላል። የካሎሪ መቁጠሪያ አፕ አልወድም፤ ሁለት ቀን ተሞልቶ ይረሳል። ተራ የኩሽና ሚዛን ይሻላል።

ስኳሩን ለ4 ስታካፍሉት በሻይ ማንኪያ ስንት እንደሆነ ታገኛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተጨመረ ስኳር፣ የማርና የጭማቂው ጭምር፣ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ገደማ ይሆናል። ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው እዚህ አይቆጠርም። ሶዲየም ብቻ ከተጻፈ በ2.5 አባዙት፤ ጨው ይሆናል። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን።

የግብዓት ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው ይቀድማል። እዚህ ጋ ንቁ! ግሉኮስ፣ ዴክስትሮስ፣ ሲረፕ ተብሎ ሲበታተን ስኳር ወደ ታች ይወርዳል።

ስብ በግራም 9 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሰላጣዬ ላይ የማፈሰውን ዘይት ለካሁት። ሦስት የሾርባ ማንኪያ። አንዱ ማንኪያ ብቻ ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ ጠርሙሱን እያዘነበልኩ «ትንሽ ጠብ ላድርግ» የምለው እሱ ነው።