የእንቁላል ቶንግ ሱይ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ሾርባ ሲባል ጨውና በርበሬ ለሚታወሰን ሰዎች ጣፋጭ የእንቁላል ሾርባ ግር ያሰኛል። በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ፣ ግን ከእራት በኋላ በትኩሱ የሚቀርብ የተለመደ የቤት ጣፋጭ ነው። ቶንግ ሱይ ማለት «የስኳር ውሃ» ማለት ነው። 1 ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ቁራጭ ዝንጅብል፣ 80 ግራም ያህል እንደ ጠጠር የደደረ ስኳር እና 2 እንቁላል ይበቁታል። ነገሩ ቀላል ስለሆነ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። አብዛኛውም ጥፋት የሚፈጸመው እንቁላሉ ድስቱ ውስጥ በገባበት ግማሽ ደቂቃ ነው።

ውሃው ደፈረሰ፣ እንቁላሉም የገባበት ጠፋ

ዋናው ችግር ይህ ነው። ቀጫጭን ቢጫ ክሮች ይንሳፈፉበታል የተባለው ሳህን እጣቢ መስሎ ይቀርባል። ብዙ ሰው እንቁላሉን ይጠረጥራል፤ ጥፋተኛው ግን ወይ ያልሞቀ ውሃ ወይ የቸኮለ ማንኪያ ነው። የተመታ እንቁላል ለመርጋት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስኳር ደግሞ ይህን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ላይ ቢያፈሱት ከመርጋቱ በፊት ይሟሟል።

ውሃውን በደንብ ያፍሉና ከዳር ከዳር ብቻ ትንንሽ አረፋ እስኪወጣ ድረስ እሳቱን ይቀንሱ። እንቁላሉን በሹካ ጥርሶች መካከል እያሾለኩ፣ ከክር ሳይወፍር፣ ድስቱን እየዞሩ ያፍስሱ። ከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ! እስከ አስር ይቁጠሩና አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ ያማስሉ። ወዲያው እሳቱን ያጥፉ።

እንዳይደፈርስ ስታርች የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልወደውም፤ የቶንግ ሱይ ውበቱ ጥርት ያለ ውሃው ነው።

እንቁላሉ ጓጎለ፣ ሲታኘክም ላስቲክ ሆነ

በአንድ ጊዜ ተገልብጧል፤ ወይም ከገባ በኋላ ብዙ ፈልቷል። የጓጎለው አይመለስም፤ አጥልለው አውጥተው በተረፈው ውሃ ላይ ሌላ እንቁላል ይምቱ።

የእንቁላል ጠረን አስቸገረ

ዝንጅብሉ ዘግይቶ ገብቷል። በቢላዋ ጎን ጨፍለቅ አድርገው ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ይጣዱት፤ ከስኳሩ በፊት 10 ደቂቃ ይንተክተክ።

መጀመሪያ አልጣፈጠም፣ ኋላ ከልክ አለፈ

እንደ ጠጠር የደደረው ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ድስቱ ሥር ቁራጭ ሳይቀር መቅመስም መጨመርም አይገባም።

የጊንኮ ፍሬ የገባበት መረረ

በአኩሪ አተር ወተት ቅርፊት (ወተቱ ሲፈላ ከላዩ የሚረጋው ስስ ሽፋን ደርቆ) እና በጊንኮ ፍሬ (ጊንኮ ከሚባል ዛፍ በሚገኝ ለውዝ መሰል ፍሬ) የሚሠራው ዓይነት የራሱ ጣጣ አለው። መራራው በፍሬው መሃል ያለው አረንጓዴ እምብርት ነው፤ ሰንጥቀው ያውጡት። ፍሬው ጥሬውን መርዛማ ስለሆነ በደንብ ይብሰል፤ በስሎም ቢሆን ጥቂት ፍሬ ይበቃል። ቅርፊቱ ካልለሰለሰ ደግሞ ስኳሩ ቀድሞት ገብቶ ይሆናል፤ ቅርፊቱን ዘፍዝፈው ይቀቅሉ፣ ስኳሩን መጨረሻ ላይ ያድርጉ።

ለነገ የተረፈው ሲሞቅ ደረቀ

ይደርቃል። ለነገ የዝንጅብሉን ውሃ ብቻ ያስቀምጡ፤ እንቁላሉ በሚጠጣበት ሰዓት ይመታል።