ልጃችሁን «ጽናት» ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በልጅነቴ ትንሽ ቅኔ ቤት ስለቆየሁ፣ ጎረቤት ስም ሊያወጣ ሲል «እስቲ ፍቺውን ንገረን» ብሎ ይመጣል። ሰሞኑን የሚመጣው ሁሉ «ጽናት» ነው የሚለኝ።

ስሙ ቆንጆ ነው። ያንገሸገሸኝ አጻጻፉ ነው። «ፅናት»! ቃሉ ከግእዙ «ጸንዐ» የመጣ ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። የሚጻፈውም በጸሎቱ ጸ እንጂ በፀሐዩ ፀ አይደለም። «ድምፁ አንድ አይደል እንዴ፣ ምን ያካብዳል?» ይሉኛል። በጥንቱ ግእዝ ድምፁም ይለያይ ነበር፤ እሱስ ይቅር። መዝገብ ቤት ግን ሁለቱን ፊደል እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው። የራሴን ልጅ የልደት ሰርተፊኬት ጸሐፊው በፀሐዩ ፀ ሲጽፈው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር ዝም አልኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ በጸሎቱ አስመዘገብኳት። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ምስክር ይዤ ስመላለስ ከረምኩ። ቅኔ ቤት ነበርኩ ባይ እኮ ነኝ!

ሌላው፣ ቃሉ የት የት እንደሚውል አለማሰብ ነው። ጽኑ እስራትም ጽኑ ሕሙማንም የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። ለቅሶ ቤትም «ጽናቱን ይስጥህ» እንባባላለን። ስሙን ለእናቴ የነገርኳት ቡና ስትቀዳ ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብን?» አለችኝ። ስሙን ተዉት አልልም፤ አያቶችን ቀደም ብላችሁ አለማምዱ።

ከአባት ስም ጋር አንድ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ጽናት ይበልጣል» ከሆነ እሰየው ነው። «ጽናት ምናለ» ሲሆን ግን ተማሪዎቼ እንዴት እንደሚቀልዱበት እኔ አውቃለሁ።

የክርስትና ስም ይሆናል ብላችሁም አትከራከሩ። በ80 ቀኗ ካህኑ ወለተ ማርያም ወይም ሌላ ስም ይሰጧታል፤ ጽናት መጠሪያዋ ሆኖ ይቀጥላል።

አያት «ጥናት» ብለው ከጠሯት ደግሞ ለማረም አትሩጡ። በገጠሩ ፀሐይ «ጣይ» እንደምትባለው ነው። «በሽታው ጠናበት» ስንልም ያው «ጸና» እኮ ነው። የእኔዋን እናቴ እስከ ዛሬ «ጥናት» ነው የምትላት። ፈተና ሲደርስ ልጅቱ እየሳቀች «አቤት» ትላለች።